የአሻንጉሊቶቹ መዝገብ ለምን ያስፈልጋል? ለሰሞኑ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔም ከሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጎረቤት፣ ጎንደር ካለችው እህቴ ሳይቀር ደርሶኛል። "አየኸው? ስለ እናንተ እኮ ነው" እያሉ ነው የሚልኩልኝ። እውነትም ስለ እኛ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ጥቂት ሰዎች ተሰባስበን በልጆች ቴሌቪዥን የቀረቡ የአሻንጉሊት ገጸ ባሕርያትን እየመዘገብን ነው፣ የአገራችንንም የውጭውንም። ጸሐፊው ይህን ሰምተው አልወደዱትም። ያልወደዱበትን ምክንያት በግልጽ ጽፈዋል፣ ማንንም አልሰደቡም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ግን በአብዛኛው ተሳስተዋል። ጽሑፉ ብዙ ሰው ዘንድ ስለደረሰ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። በክልላችን ይህን ያህል ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኖ ሳለ ትልልቅ ሰዎች የካልሲ አሻንጉሊት ስም መልቀማቸው ሥራ ፈትነት ነው ይላሉ። ቀጥለው፣ ተመልካች ባለሙያ ስላልሆነ መዝገቡ በስህተት የተሞላ ይሆናል፤ ይህ የአዘጋጆቹና የጣቢያዎቹ ሥራ ነው ይላሉ። ደግሞም ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ ስላለ መዝገብ አያስፈልግም። አሻንጉሊት ከውጭ የመጣ ነገር ነው፣ የእኛ ሀብት ተረት ነው። በመጨረሻም የልጅነትን ጣዕም በሰንጠረዥ መደርደር ጣዕሙን ይገድለዋል፤ ፎቶዎቹንም ያለ ፈቃድ ነው የለጠፋችሁት ይላሉ። የቀረኝ ነጥብ ያለ አይመስለኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ የሚያመው እሱ ነውና። ልጆች ከትምህርት ውጭ ስለመሆናቸው ያሉት እውነት ነው። ይህን ለማንም የባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በየቤቱ ከገጠር መጥቶ የተጠጋ የዘመድ ልጅ አለ። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ "ስለዚህ መዝገቡ ይቁም" ማለት አያስኬድም። ከመዝጋቢዎቹ አብዛኞቹ መምህራን ናቸው። ቀን ያስተምራሉ፣ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ይመዘግባሉ። ይህን ቢተዉት አንድም የተዘጋ ትምህርት ቤት አይከፈትም። ኳስ የሚያይ ሰው ለምን ኳስ አየህ አይባልም፣ እነሱ ግን መዝገብ በመያዛቸው ይወቀሳሉ።

ከዚህም በላይ፣ ጸሐፊው የሚቆረቆሩለት ልጅና እነዚህ አሻንጉሊቶች ባዕድ አይደሉም። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን ፕሮግራም ያሰቡት ሰዎች የተነሡት ከዚያው ልጅ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። አንድ ክፍል የሚይዘው የልጅ ቁጥር ውስን ነው፣ ቴሌቪዥን ግን ትምህርት ቤት ያልገባውንም ይደርሰዋል ብላ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ቤታቸው ውስጥ በካልሲ አሻንጉሊት ጀመሩት። ፀሐይ የምትባለው የስድስት ዓመት ቀጭኔ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቅ አለች። ፕሮግራሙ በ2008 በጃፓን የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር ተሸለመ። ከአማርኛ ውጭም በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በ2002 ካሚ የምትባል አሻንጉሊት በልጆች ፕሮግራም ላይ ቀረበች። ካሚ ኤችአይቪ በደሟ ያለ፣ እናቷን በሞት ያጣች የአምስት ዓመት ልጅ ናት። አዋቂዎች ስለ በሽታው ለመናገር በሚያፍሩበት ጊዜ ልጆች ከእሷ ጋር ሆነው ሰሙት። እነዚህን መመዝገብ የልጅን ጉዳይ መርሳት ነው እንዴት ይባላል?

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ አንዲት የአፀደ ሕፃናት መምህርት የመዝገቡን አንድ ገጽ ኮፒ አድርጋ ወሰደች። እዚያ ገጽ ላይ አንድ የካልሲ አሻንጉሊት እንዴት እንደተሠራ ተጽፏል፦ የካልሲው የጣት በኩል ወደ ውስጥ ታጥፎ አፍ ይሆናል፣ ተረከዙ ግንባር ላይ ይመጣል፣ አፉ ውስጥ ለሁለት የታጠፈ ካርቶን ይሰፋል። ካርቶኑ ከሌለ አፉ ሲከፈት ይጨማደድና የሚያወራ አይመስልም። ዓይኑ ቁልፍ ነው። መምህርቷ ከአሮጌ የስፖርት ካልሲ ሠርታ ክፍል ይዛው ገባች። ከዚያ ቀን በፊት ድምፁን ሰምተን የማናውቀው ልጅ አሻንጉሊቱን እያየ ስሙን ተናገረ ብላ ነገረችን። መዝገቡ ጥቅም የለውም ለሚል ሰው ይህን ነው የምመልሰው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ማስረጃ ያቀረቡት እዚህ ነው።

ማስረጃቸው ይህ ነው። በረቂቁ ውስጥ "ሰሳሚ ስትሪት" በሚባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ላይ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የሚኖረው ነጭናጫው ኦስካር አንድ ቦታ ብርቱካንማ፣ ሌላ ቦታ አረንጓዴ ተብሏል። "ቀለሙን እንኳን መስማማት ያልቻሉ ሰዎች" ብለው አልፈዋል። ግን ሁለቱም ልክ ናቸው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1969 ሲጀመር ኦስካር ብርቱካንማ ነበር። በሁለተኛው ዙር አረንጓዴ ሆኖ መጣ፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ብርቱካንማ ብሎ የጻፈው ሰው የድሮውን አይቷል፣ አረንጓዴ ያለው ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን። መዝገቡ ሁለቱንም ከነጊዜያቸው አስቀመጠ። አንዱን ሰርዞ ሌላውን ቢያስቀር ኖሮ ነበር ስህተት የሚሆነው።

ከርሚት የሚባለው አሻንጉሊትም እንዲሁ ነው። ዛሬ እንቁራሪት መሆኑን የማያውቅ የለም። አሜሪካዊው አሻንጉሊት ሠሪ ጂም ሄንሰን በ1955 ሲሠራው ግን ገና እንቁራሪት አልተባለም ነበር። ከእናቱ አሮጌ ካፖርት ሰፍቶት ዓይኑን ለሁለት ከተከፈለ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነው ያወጣለት። አሻንጉሊት ይለወጣል፤ ያረጃል፣ ይታደሳል፣ በሌላ ይተካል፣ ድምፁን የሚሰጠው ሰው ይቀየራል። "ባለሙያ ይመዝግበው" ማለት ይህን ለውጥ አያስቀረውም። ለውጡን የሚይዘው በየጊዜው ያየ ሰው ነው።

"የጣቢያዎቹ ሥራ ነው" ላሉትስ? ቢሠሩት ደስ ይለናል። ግን ጃፓን የሆነውን ላንሣ። የአገሪቱ የሕዝብ ጣቢያ ኤንኤችኬ ከ1964 እስከ 1969 "ሂዮኮሪ ሂዮታንጂማ" የሚባል የአሻንጉሊት ድራማ ያሳይ ነበር። ባሕር ላይ ስለምትንሳፈፍ ደሴት የሚያወራ ነው። ከ1,200 በላይ ክፍሎች ነበሩት፣ የዚያ ዘመን የጃፓን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የቪዲዮ ክር በዚያን ጊዜ ውድ ስለነበር ጣቢያው በላዩ ላይ ሌላ እየቀዳበት አጠፋው። ከዚያ ሁሉ የቀረው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። በ1991 ድራማውን እንደገና እንሥራው ሲባል ታሪኩ ከየት ተገኘ? አንድ ተመልካች የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ እየተመለከተ ታሪኩን ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። ያ ደብተር ነው ያገዛቸው። እስቱዲዮ፣ በጀትና ሠራተኛ ያለው ትልቅ ጣቢያ ያጣውን ነገር አንድ ልጅ በእርሳስ ይዞት ተገኘ።

እንግሊዝም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ቢቢሲ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ብዙ ፕሮግራሞቹን አጥፍቷል። "ዶክተር ሁ" ከሚባለው ተከታታይ ምስላቸው የጠፋ ክፍሎች ድምፃቸው ዛሬ የሚሰማው ተመልካቾች ቤታቸው ሆነው በቴፕ ስለቀዱት ነው። እነዚህ ሰዎች ባለሙያ አልነበሩም። ይወዱት ስለነበር ቀዱት።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፤ ሰው ያስታውሰኛል ያለው ሁሉ እውነት አይደለም። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ላይ "ማን አየ፣ ማን ሰማ" የሚል ረድፍ ያለው። ከዚያ በፊት ስሙ፣ ምን ዓይነት እንስሳ ወይም ሰው እንደሆነ፣ መጀመሪያ የታየበት ጊዜ፣ ልብሱ፣ የተሠራበት ነገር፣ በስንት እጅ እንደሚንቀሳቀስና ድምፁ ይሞላል። በዓይን ታይቶ የተረጋገጠው በሰማያዊ፣ በወሬ የተገኘው በእርሳስ ነው የሚጻፈው። የእርሳሱ ሌላ ሁለተኛ ሰው ሳይጠየቅ ወደ ሰማያዊ አይዞርም።

እንዴት እንደሚሠራ ላሳይ። ከአንድ የልጆች ፕሮግራም ሁለት አሻንጉሊቶች ለየብቻ ተመዝግበው ነበር፦ አንዱ ባለ ሱቅ፣ ሌላው ዘበኛ። ሽምብጥ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በዚያን ጊዜ በአካባቢያቸው ቴሌቪዥን የነበረው እሳቸው ቤት ስለነበር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተደርድሮ የሚያየው እዚያ ነው፤ እሳቸውም ቡና እያፈሉ አብረው ያያሉ። ከቪዲዮ የተወሰዱትን ሁለቱን ምስሎች ስናሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው አዩ። "ኧረ ይሄማ ያው እሱ ነው ልጆቼ። ኮፍያ ደፍተውለት ነው እንጂ። ሸሚዙን እዩት፣ ሁለተኛው ቁልፍ የለም።" አየነው። በሁለቱም ምስል ላይ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም፣ ክሩ ብቻ ነው የቀረው። ባለ ሱቁና ዘበኛው አንድ አሻንጉሊት ናቸው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። "ሰሳሚ ስትሪት"ም ዓይን፣ አፍንጫና ጸጉር እየተቀያየረላቸው ዛሬ ፖስተኛ ነገ አስተማሪ የሚሆኑ ባዶ ፊት አሻንጉሊቶች አሉት። ግን ይህንን ከእኛ ፕሮግራም ላይ የነገሩን እማማ ናቸው። ባለሙያ ቢመጣ እንኳ ጠይቆ የሚጽፈው እሳቸውን ነው።

"ዩቲዩብ ላይ አለ" ለሚለው ብዙ አልልም። ያለውም አለ፣ የሌለውም አለ። ያለውም ቢሆን ከጀርባ የሚያልፈውን አሻንጉሊት ስም አይነግርህም፣ ማን ሰፋው ብለህ ብትጠይቀው አይመልስም። ዛሬ ያየኸው ቪዲዮ ነገ ተነሥቶ ታገኘዋለህ። ደግሞ ይህን ነገር ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው መናገር ያስገርማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ዩቲዩብ የነበረው ለማን ነው? ለእኛ የነበረን ደብተርና ትዝታ ነው። መዝገቡን በወረቀትም የምንይዘው ለዚህ ነው፤ አንድ ቅጂ እኔ ቤት፣ አንዱ ፔዳ አካባቢ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ።

"አሻንጉሊት የእኛ አይደለም፣ የእኛ ተረት ነው" የሚለውን ብዙ ሰው እንደወደደው ከአስተያየቶቹ አይቻለሁ። እኔም ተረት እወዳለሁ፤ አያቴ ዘጌ ናቸው ያሳደጉኝ፣ ያለ ተረት የተኛሁበት ሌሊት ያለ አይመስለኝም። ግን ተረትና ቴሌቪዥንን ማን ነው ያጣላቸው? አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል። "የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች" ሲሉ ያልሰማ ጎልማሳ የለም። ቴሌቪዥንም ከውጭ ነው የመጣው፤ እሳቸው ግን የእኛ አደረጉት። አሻንጉሊትም እንደዚሁ ነው፣ በየአገሩ የየአገሩን መልክ ይይዛል። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ2000 የራሳቸውን "ሰሳሚ ስትሪት"፣ "አላም ሲምሲም"ን ሲጀምሩ ኮኻ የምትባል፣ መማርና መጠየቅ የምትወድ ሴት ልጅ አወጡ፤ የሴት ልጅ ትምህርት እዚያ ትልቅ ጉዳይ ነበርና። እኛ ዘንድ ቀጭኔ መጣች። ቀጭኔ አገራችን ውስጥ ያለ እንስሳ ነው፣ ስሟ ፀሐይ ነው፣ የምታወራው በእኛ ቋንቋ ነው። ባዕድ የሆነው የትኛው ነው?

ተረትም ቢሆን ካልተመዘገበ ምን እንደሚሆን እዚሁ ደጃችን ላይ ምሳሌ አለ። አለቃ ገብረ ሃና የጣና ዳር ሰው ናቸው፣ ፎገራ ናበጋ የተወለዱ። ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም ሲነሣ ስማቸው አብሮ ይነሣል። ዛሬ ግን ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣል። ከሞቱ በኋላ የመጣ ዕቃ ያለበት ቀልድ ሳይቀር "አለቃ አሉ" ተብሎ ሲወራ ሰምቻለሁ። ማን፣ መቼ፣ ከማን ሰማው ብሎ በጊዜው የጻፈ ሰው ቢበዛ ኖሮ የእሳቸውን ከሌላው እንለይ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው "ተረት ይመዝገብ" ቢሉ ከጎናቸው ነኝ። የአያቶቻችን ተረት ከአሻንጉሊት በላይ ያስቸኩላል፣ ተራኪዎቹ እያለቁ ነው፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ይጀምሩት፣ የእኛን ሰንጠረዥ እንሰጣቸዋለን፣ ሰውም እንጨምርላቸዋለን። የአንዱ መመዝገብ ግን ለሌላው አለመመዝገብ ምክንያት አይሆንም።

"መደርደር ጣዕሙን ይገድላል" የሚለው ስሜት ነው፤ በስሜት ላይ ክርክር አይገጠምም። የማየውን ግን ልናገር። ኤርነስት ሐመርሽሚት የተባሉ ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣና ደሴቶችን ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አንስተው ነበር፤ ዝርዝሩም ከ1973 ጀምሮ ታትሟል። ቅዱስ መጽሐፍን ከካልሲ ጋር አላስተካክልም፣ እንዳይመስልብኝ። የምለው ስለ ዝርዝር ነው። ብራናው ስለተዘረዘረ ክብሩ አልጎደለም፣ ካህናቱም ማንበባቸውን አልተዉም። ተመራማሪው ግን የትኛው ደሴት ላይ ምን እንዳለ አወቀ። በእኛም ሥራ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰው ገጹን ሲያነብ ዜማውን ማንጎራጎር ይጀምራል፣ እኅቱ ጋ ይደውላል፣ "ታስታውሻለሽ ያንን ባለ ሱቅ?" ይላል። ጣዕሙ የሞተበት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የቀረው የፎቶው ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ አልከራከርም። አሻንጉሊት የሠሪው ንብረት ነው፤ ፊቱን አንስቶ መለጠፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ከስብስቡ ጋር ተነጋግረን ከቪዲዮ የተቆረጡት ምስሎች ለሕዝብ ከሚታየው ቅጂ እንዲወጡ ተስማምተናል። በምትካቸው ከእኛ መካከል ሥዕል የምታስተምር አንዲት ልጅ በእርሳስ እየሣለች ነው፤ ልብሱን፣ ቀለሙን፣ የጎደለውን ቁልፍ ሳይቀር። ለአዘጋጆቹም የፈቃድ ጥያቄ እየጻፍን ነው። በዚያው ደብዳቤ ላይ ሌላም ጥያቄ ጨምረናል፦ አሻንጉሊቱን ማን ሰፋው፣ ከውስጡ እጁን የከተተው ማን ነበር፣ ድምፁስ የማን ነው? በጽሑፉ ውስጥ "የሰዎቹ ስም የት አለ?" ብለው የጠየቁት ጸሐፊው ናቸው፤ ረድፉም በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ሰፍቷል። ከእነዚያ ፕሮግራሞች በአንዱ የሠራ፣ ወይም የሠራ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ካነበበ ይደውልልን፤ ጸሐፊውም ፈቃዳቸው ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ረቂቁን ከእኛ ጋር ይዩት።